ከባል ፋይል ጋር ይያያዝ

«ወረቀቴ ሞቶም ከሆነ ሞቷል በሉኝና እርሜን ላውጣ» አለች አንዲት ሴት፣ ምድር ቤት ባለው የመዝገብ ቤት መስኮት ላይ ጎንበስ ብላ። አልጮኸችም። ጮኻ ጮኻ የደከማት ሰው ነው የምትመስለው። ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠው ሰውዬ ዓይኑን ከደብተሩ ላይ ሳያነሳ «እየተሠራ ነው» አላት። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ ሁሉም «እየተሠራ ነው» እያለ ይጠራዋል፤ እሱም ይስቃል እንጂ አይቆጣም። «አሥራ አራት ወር ሙሉ?» አለች ሴትዮዋ። «ዘጠኝ ጊዜ መጣሁ። ዘጠኝ ጊዜ አራት አራት ሰዓት አውቶቡስ ላይ ተቀመጥኩ። ቤት ቢሆን እኮ እስካሁን ጣሪያው ይመታ ነበር።» ከኋላዋ የተሰለፉት ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

ባለማኅተሟ ይህን የሰማችው ወደ ደረጃው ስታልፍ ነው። ስሟ ከሥራዋ የመጣ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የሐኪሞች ምደባ ክፍል ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ስትሠራ ክቡ ማኅተም ከእሷ መሳቢያ ወጥቶ አድሮ አያውቅም። ገጠር ላሉት ሆስፒታሎች ሐኪም የሚመደበውም፣ የሚዛወረውም፣ የሚለቀውም እሷ ቀለም አስነክታ ስትመታ ነው። በተለይ ውጭ አገር ተምረው የመጡት ሐኪሞች ጉዳይ በእሷ እጅ ያልፋል፤ የእነሱ ወረቀት ብዙ ነው፣ ትርጉም አለው፣ ዲግሪው ከአገር ውስጡ እኩል መሆኑ የሚታይበት የአቻ ግምት አለው፣ የግዴታ ውል አለው። የሴትዮዋ ነገር አሳዘናት፣ ግን አልቆመችም። ሊፍቱ ከተበላሸ ዓመት አልፎታል፤ ደረጃው ረጅም ነው፤ እሷም የዚያን ዕለት ገና ከቤት ስትወጣ ጀምሮ ልቧ አልተረጋጋም ነበር።

ያላረጋጋት የእናቷ ሻንጣ ነው። እናቷ ታናሽ ልጇን ልታርስ ለመሄድ ከንጋት ጀምራ ስትሸክፍ ነበር። ታናሽ እህቷ አራት ሰዓት በሚያስኬድ መንገድ ርቃ፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። የመጀመሪያ ልጇን የተገላገለችው በኦፕራሲዮን ነው፤ ሁለተኛውም ያለ ኦፕራሲዮን እንደማይሆን ተነግሯት ለወሩ አሥራ ስምንት ቀጠሮ ይዛለች። እናት «እዚህ ትምጣና በትልቁ ሆስፒታል ትውለድ» ብላ ነበር። ባለማኅተሟ ሁለት ክፍል ቤቷን ዞር ዞር ብላ አየች፤ ባሏንም አየች፤ ባሏ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረገ። ከዚያ «ምን ያንገላታታል? እዚያ ያለው ሐኪም ከዚህኞቹ ይበልጣል፤ ውጭ አገር ሰባት ዓመት የተማረ ነው፤ የላክሁትም እኔው ነኝ» አለች። እናት ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር አወጣች። ከዚያን ቀን ወዲህ በእናትና በልጅ መካከል የሚወራው ስለ ሻንጣው ብቻ ሆነ። ፎጣው ይግባ፣ አይግባ፤ አንሶላው ይበቃል፣ አይበቃም። ዛሬ ጠዋትም እናት ዚፑን ስባ ዘጋችና «እንግዲህ ያልሽው ሐኪም አለ» አለች።

ጠረጴዛዋ ላይ ሦስት ደብዳቤ ተቀምጧል። ሁለቱን አንብባ ወደ ጎን አደረገች። ሦስተኛውን አንብባ እንደገና ከላይ ጀመረች። የዚያች ትንሽ ከተማ ሐኪም መልቀቂያ ጠይቋል። የሁለት ዓመት ግዴታውን ከጨረሰ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ በዋናው ከተማ የግል ሆስፒታል ሥራ አግኝቷል፤ ከነገ ወዲያ ይጀምራል። ግርጌው ላይ ኃላፊው በሰማያዊ እስክሪብቶ «ይፈጸም» ብሎ ፈርሞበታል። የቀረው የእሷ ማኅተም ብቻ ነው። የዕለቱን ቀን ግድግዳው ላይ ካለው ካላንደር አየች፤ ወሩ ገና ሰባት ነበር። ከሰባት እስከ አሥራ ስምንት ስንት ቀን እንደሆነ የማታውቅ ይመስል በጣቷ ቆጠረች።

እህቷ ጋ ደወለች። «ምነው በጠዋት? እማዬ ደህና ናት?» አለች እህቷ። መናኸሪያው አጠገብ ያለችው ሱቋ ውስጥ ነበረች፤ ክርና ቁልፍ ነው የምትሸጠው፤ አንድ ሰው ጥቁር ዚፕ አለ ወይ ሲላት ከሩቅ ይሰማል። «ደህና ናት። አንቺስ? ሐኪሙስ ምን አለሽ?» «ሐኪሙማ ትናንት ከነሚስቱ ወደ እናንተው ሄዷል። ለጉዳይ ነው አሉ። ኧረ ሰዉ ተሸብሯል! ይሄዳል የሚል ወሬ አለ። ምን ያልሆንለት አለ? ቤት ሰጡት፣ ታንከር ተከሉለት፣ ሶፋ ገዙለት፤ ለሚስቱም እንዳይሰለቻት ብለው የልብስ ስፌት መኪና አመጡላት። ክር ትገዛለች ብዬ ስጠብቅ አንድ ቀን እንኳ ብቅ አላለችም።» እህቷ ሳቀች። ሳቁ መሀል ላይ ተቋረጠ። «አንቺ እዚያ አይደለሽ እንዴ? ይሄዳል እንዴ?» ባለማኅተሟ «ሥራ ይዣለሁ፣ እደውልልሻለሁ» ብላ ዘጋች።

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ሐኪሙ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሲመደብ ያየችው ሰው ከስቷል፤ ሸሚዙ ግን እንደ ያኔው በደንብ የተተኮሰ ነው። በእጁ ላስቲክ ክላሰር ይዟል። በትሕትና ሰላምታ ሰጣትና ኃላፊው እንደፈረሙለት፣ ማኅተም ብቻ እንደቀረው ነገራት። ባለማኅተሟ የመሳቢያውን ቁልፍ ጨብጣ ነበር። አፏ ግን «ማኅተሙ ስብሰባ ላይ ነው» አለ። ሐኪሙ ግራ ገባው። «ማለቴ ኃላፊው ስብሰባ ይዘውት ገብተዋል። ከሰዓት በኋላ ነው የሚገኘው።» በአሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ያለ ውሸት ዋሽታ አታውቅም፤ ጆሮዋ ጋለ። «ችግር የለም፣ እንጠብቃለን» አለና ወጣ። በሩ ሳይዘጋ ኮሪደሩን አየች፤ አግዳሚው ላይ አንዲት ሴት ቦርሳዋን እቅፏ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። የመስኮቷ ሴት ናት። ሐኪሙ አጠገቧ ተቀመጠ፣ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ነገራት፤ እሷም ራሷን ከግድግዳው አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።

ባለማኅተሟ ሁለቱን ነገር ያገናኘችው ያኔ ነው። ሐኪሙን ሰዉ ሁሉ የያዘው በቤት፣ በታንከር፣ በሶፋ ነው፤ ሚስቱ ደግሞ አሥራ አራት ወር መስኮት ላይ ጎንብሳ ኖራለች። ይህች ሴት ወረቀቷን ካገኘች ሐኪሙ የሚሄድበት ምክንያት ምንድን ነው? ሐሳቡ እንደ መድኃኒት ሆነላት። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች።

«ጋሼ፣ የጠዋቷ ሴት ጉዳይ ምንድን ነው?» አለችው ሰውዬውን። «የቷ? ያቺ ቀልደኛዋ? የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ ባይ ናት። ከባሏ ጋር ውጭ የተማረች። አቻ ግምትና የሙያ ፈቃድ ጠይቃ ነው።» «የት ደርሷል?» «እየተሠ…» ብሎ ሲጀምር ዓይኗን አይቶ ተወው። ትልቁን የወጪ ደብዳቤ መዝገብ አነሳና በጣቱ እየተከተለ ገለጠ። ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ። ከዚያ መዝገቡን ወደ እሷ አዞረው። ኮሚቴው ጉዳዩን በሦስት ወር ውስጥ አይቶ ጨርሶታል። የተወሰነው ውሳኔ ከአሥራ አንድ ወር በፊት ለባለጉዳይ እንዲሰጥ ተብሎ ወጥቷል። የተላከበት ቦታ ላይ «ሦስተኛ ፎቅ፣ ምደባ ክፍል» ይላል። አጠገቡ የተቀባይ ፊርማ አለ። ፊርማው የእሷ ነው። «እኔ እናንተ ጋ እየተሠራ ነው ብዬ ነበር» አለ ሰውዬው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ያፈረ ይመስል።

ስትወጣ ደረጃው እጥፍ ሆነባት። ኮሪደሩ ላይ ባልና ሚስቱን ሳታይ ለማለፍ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የእሳት አደጋ ማስጠንቀቂያ አነበበች። ቢሮዋ ገብታ በሩን ቆለፈች፤ የብረቱን ቁም ሳጥን ከፈተች፤ የሐኪሙን ፋይል አወጣች። ወፍራም ነው። ውል፣ ዲግሪ፣ ትርጉም፣ የጤና ምርመራ፣ የዓመት ፈቃድ። መጨረሻ ላይ፣ ከሁሉም በታች፣ በአንድ ክሊፕ የተያዘ ቀጭን ፋይል አለ። የሚስቱ ዲግሪ፣ የሚስቱ የፈተና ውጤት፣ ዘጠና አንድ ከመቶ። ከላዩ ላይ የሙያ ፈቃዷ ተሰክቷል፤ ቁጥር አለው፣ ፊርማ አለው፣ የኮሚቴው ማኅተም አለው። ምንም የሚቀረው ነገር የለም። በቀጭኑ ፋይል ሽፋን ላይ በአረንጓዴ እስክሪብቶ አንድ መስመር ተጽፏል። በመሥሪያ ቤቱ በአረንጓዴ የምትጽፈው እሷ ብቻ ናት። «ከባል ፋይል ጋር ይያያዝ» ይላል።

የጻፈችበትን ቀን ለማስታወስ ሞከረች፤ አልመጣላትም። ተራ ቀን ነበር ማለት ነው። ጠረጴዛዋ ሞልቶ፣ ሰው በር ላይ ቆሞ፣ አንድ የሚስት ወረቀት እጇ ገብቶ፣ የባሏ ቦታ እዚያ ስለሆነ የእሷም ቦታ እዚያ መስሏት አያያዘችው። ክፋት አልነበረበትም። ክፋት ቢኖርበት ይሻላት ነበር፤ ቢያንስ ታስታውሰው ነበር። በዚህ አሥራ አንድ ወር ውስጥ ያንን ፋይል ለባልየው ፈቃድና ለደሞዝ እርከኑ ስንት ጊዜ እንደከፈተችው ማሰብ አልፈለገችም።

በምሳ ሰዓት ቢሮው ጭር አለ። ባልና ሚስቱ ግን ከአግዳሚው አልተነሱም፤ ከሱቅ ያመጡትን ዳቦና ሙዝ ፌስታል ላይ ዘርግተው ይበላሉ። ሐኪሙ ሙዙን ልጦ ግማሹን ሰጣት፤ እሷም ሳታየው ተቀበለችው። ባለማኅተሟ ከበሩ ስንጥቅ ቆማ አየቻቸው። «እየተሠራ ነው» ከምድር ቤት በሌላኛው ደረጃ መጣ። ላብ በላብ ሆኗል። «አሰብኩበት» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ፈቃዱ ላይ የተጻፈው ቀን ያኔም ደብዘዝ ያለ ነበር፣ ማንም ልብ አይለውም። ወጪ መዝገቡ ላይ የዛሬን ቀን እናድርግ። ዛሬ አለቀ፣ ዛሬ ተሰጠ። ሴትዮዋ ደስ ይላታል፤ አንቺም ሰላም፣ እኔም ሰላም። ጡረታዬ ሁለት ዓመት ነው የቀረው፣ እህቴ።» መዝገቡን ይዞ፣ አዲስ መስመር አስቀድሞ አስምሮበት መጥቷል። ባለማኅተሟ እስክሪብቶ አነሳች። የዛሬን ቀን ጻፈች።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ሁለቱንም ጠራቻቸው። ሚስትየዋ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ሐኪሙ ቆመ፣ አንድ ወንበር ብቻ ነበር። ባለማኅተሟ ፈቃዱን በሁለት እጇ ሰጠቻት። «የእርስዎ ጉዳይ አልቋል። እንኳን ደስ ያለዎት» አለች። ሴትዮዋ ወረቀቱን ወዲያው አላነበበችም፤ ስሟ ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ዛሬ ደረሰ?» አለች። «ዛሬ ነው የተመዘገበው።» ከዚያ ሴትዮዋ ተነሳችና ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበች፤ አንዴ ፊቱን፣ አንዴ ጀርባውን። ላዩ ላይ ሁለት ቡናማ መስመሮች ታትመዋል፤ ክሊፑ የነበረበት ቦታ ነው። ዝገቱን በጥፍሯ ነካ አደረገችው። ሐኪሙም አየ። ክፍሉ ውስጥ የቧንቧ ጠብታ ይሰማ ነበር፤ ባለማኅተሟ ሲንጠባጠብ እስካሁን ሰምታው አታውቅም።

«አሥራ አንድ ወር እዚህ ነበር» አለች በመጨረሻ። «እዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ። ከእሳቸው ፋይል ጋር ያያዝኩት እኔ ነኝ። የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ አያውቅም፤ እኔም… ረሳሁት።»

ሴትዮዋ ዞረች። እስከዚያች ደቂቃ «እርስዎ» ስትላት የነበረችውን ሴት «አንቺ» አለቻት። «እዚያ ሆስፒታል ውስጥ አንድ የደም መመርመሪያ ማሽን አለ፣ ታውቂያለሽ? አዲስ ነው። ባለሙያ የለም ተብሎ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። የበሽተኛ ደም በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ነው ወደዚህ የሚላከው። መልሱ ሲመጣ አንዳንዱ በሽተኛ ተቀብሮ ነው የሚጠብቀው። እኔ በየቀኑ በመስኮት አየዋለሁ፤ ፈቃድ ስለሌለኝ መንካት አልችልም። እነሱ ደግሞ የስፌት መኪና አመጡልኝ።» ድምጿ አልጮኸም፤ ባለማኅተሟ ግን ብትጮህ ትመርጥ ነበር። «ዛሬስ ምን አስታወሰሽ?»

«እህቴ እዚያ ናት። መናኸሪያው ጋ ክርና ቁልፍ የምትሸጠው።»

«የአሥራ ስምንቷ» አለ ሐኪሙ ሳያስበው። ከዚያ ወደ መሬት አየ። እስከዚያ ቀን ድረስ እንደማይቆይ ያወቀው አሁን ይመስል ነበር።

«እህትሽ እዚያ ባትሆን ኖሮ ይሄ ወረቀት ዛሬም እዚያው ነበር» አለች ሴትዮዋ።

«አዎ» አለች ባለማኅተሟ።

ሴትዮዋ ተመልሳ ተቀመጠች። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ እንደ ልጅ ፀጉር በመዳፏ አለሳለሰችው። «ይሄ የሚሠራው ለዚያ ብቻ ነው ወይስ ለየትም?» «ለየትም ነው።» ባልና ሚስቱ ተያዩ። ባለማኅተሟም የተያዩበት ምክንያት ገባት። ጠዋት መድኃኒት የመሰላት ነገር በሩን ከፍቶት ኖሯል። ፈቃድ ያላት ሴት ዋናው ከተማ ውስጥ በሳምንት ውስጥ ሥራ ታገኛለች፤ ለምን ትመለሳለች? ሐኪሙ ቀስ ብሎ «እንግዲህ ማኅተሙ ከመጣ…» አለ። ባለማኅተሟ መሳቢያውን ከፍታ ክቡን ማኅተም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነበር» አለች። ሴትዮዋ የዚያን ጊዜ ሳቀች፤ አጭርና ደረቅ ሳቅ ነበር። «ምንድን ነው የማይደበቀው እናንተ ቤት?»

ባለማኅተሟ መልቀቂያውን አቀረበች፣ ማኅተሙን ቀለም አስነካች። እህቷን አሰበች፣ የእናቷን ሻንጣ አሰበች፤ ግን ሁለተኛ የምትደብቅበት ወኔ አልቀራትም። መታችው። ቀኑን ለመጻፍ አረንጓዴውን እስክሪብቶ ስታነሳ ሴትዮዋ እጇን ያዘቻት።

«ቀኑን ተይው» አለች። ሐኪሙ ቀና ብሎ አያት። ሚስቱ ግን የምታናግረው ባለማኅተሟን ነበር። «የዚያን ማሽን ጨርቅ እኔው ነኝ የማነሳው። ሁለት ዓመት አይቼዋለሁ። ለግሉ ሆስፒታል ደውሎ አንድ ወር ይጠይቃቸው፤ ከፈለጉት ይጠብቁታል። እኔ ነገ ጠዋት ላብራቶሪ እገባለሁ። የዶክተሩ ሚስት ብለው እንግዳ ማስተናገጃ ላይ ካስቀመጡኝ ግን ቀኑን በራሴ እስክሪብቶ እሞላዋለሁ። የዚያን ጊዜ ማንም እንዳይለምነኝ።» ወደ ባሏ ዞረች። «ወይስ አንተ ሌላ ሐሳብ አለህ?» «ለአሥራ ስምንት ቀጠሮ አለብኝ» አለ ሐኪሙ፣ ቀስ ብሎ።

«ሌላ አንድ ነገር» አለች ሴትዮዋ ስትነሳ። «ፈቃዴ መቼ እንዳለቀና የት እንደነበረ ጻፊልኝ። በማኅተም። ከእኔ በኋላ የምትመጣዋ ሴት መስኮት ላይ ጎንበስ ስትል ይኼን ታሳያቸዋለች።» ባለማኅተሟ አራት መስመር ጻፈች። ጠረጴዛዋ ላይ በቀረው መዝገብ በምሳ ሰዓት የጻፈችውን ቀን ሰርዛ ፈረመችበት፤ የመዝገብ ቤቱን ሰውዬ ግን አላነሳችውም። ግልባጩ ነገ ጠዋት ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ እንደሚሆን አወቀች፤ ምን እንደሚላት ግን ማወቅ አልቻለችም። ሴትዮዋ ሦስቱንም ወረቀት አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ዚፑን ሳበች፣ «ደህና ዋይ» አለች። አላመሰገነችም። ባለማኅተሟም ያንን አልጠበቀችም።

የመጨረሻው አውቶቡስ የሚነሳው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ባለማኅተሟ በመስኮት ሆና ሁለቱ ወደ መናኸሪያው ሲያቋርጡ አየች፤ ሐኪሙ ክላሰሩን ይዞ ከኋላ ይራመዳል፣ ሴትዮዋ ከፊት። ከዚያ ስልኳን አነሳች። እህቷ ገና አንዴ ሳይጠራ አነሳችው፤ ቀኑን ሙሉ ስልኩን ጨብጣ የዋለች ይመስላል።

«ይመጣል?»

«እየመጡ ነው። ለአሥራ ስምንት ይኖራል።»

እህቷ በረጅሙ ተነፈሰች። ሆዷን እየዳሰሰች እንደሆነ ከትንፋሿ ያስታውቃል። «ከዚያስ?»

«ከዚያ በኋላ ያለውን እኔም አላውቅም። እሷ ናት የምታውቀው።»

«ማን እሷ?»

«ሚስቱ። ነገ ላብራቶሪ ትገባለች። ስሟን ታውቂዋለሽ?»

ከስልኩ ወዲያ አንድ አውቶቡስ ጥሩምባውን ሲነፋ ተሰማ። «እኛ የዶክተሩ ሚስት ነው የምንላት» አለች እህቷ፣ ቆይታ። «ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲያው የዶክተሩ ሚስት ነው።»

«ነገ ሄደሽ ጠይቂያት» አለች ባለማኅተሟ። «ከራሷ አፍ ስሚ።»